የስዊዝ ቦይና የቀይ ባሕር ጠረፍ

የመልክዓ ምድር ምሁራን የአንድን ስፍራ አቀማመጥ በሁለት መንገድ ይገልጹታል፤ አንደኛው በኬክሮስና በኬንትሮስ የሚለካውና የማይለወጠው ፍጹማዊ አቀማመጥ ሲሆን፣ ሁለተኛው ስፍራው ከመንገዶች፣ ከገበያዎችና ከኃይል ማዕከሎች ጋር ያለውን ርቀትና ቅርበት የሚያሳየው አንጻራዊ አቀማመጥ ነው። ከምጽዋ እስከ ኦቦክ ያለው የቀይ ባሕር ጠረፍ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከነበረበት ሳይንቀሳቀስ በዓለም ፖለቲካ ውስጥ የነበረው ስፍራ ከሥሩ የተለወጠው፣ ከምጽዋ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በሰሜን በተቆፈረ ቦይ ምክንያት ነው።

ቁፋሮው በ1859 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር፤ የሚከተሉትም ዓመታት እንዲሁ) በፈርዲናንድ ደ ሌሴፕስ መሪነት ተጀምሮ በኅዳር 1869 የተመረቀው የስዊዝ ቦይ 164 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ነበረው፤ አፍሪካን በደቡብ ዞሮ ከለንደን ቦምቤይ ይደርስ የነበረውን ጉዞም 40 በመቶ ገደማ አሳጠረው። ይሁን እንጂ መንገዱ ለመርከብ ሁሉ እኩል አልተመቸም። በቀይ ባሕር ሰሜናዊ ክፍል ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከሰሜን ወደ ደቡብ ስለሚነፍስ የሸራ መርከቦች ወደ ስዊዝ ለመውጣት እጅግ ይቸገሩ ነበር። በዚህም የተነሣ ቦዩ የእንፋሎት መርከቦች መንገድ ሆነ፤ የእንፋሎት መርከብ ደግሞ በየመንገዱ ከሰል የሚሞላበት ወደብ ስለሚያስፈልገው፣ ደረቁና ሞቃታማው ጠረፍ በድንገት ተፈላጊ ሆነ። ብሪታንያ ኤደንን በ1839 ይዛ ነበር፤ ፈረንሳይ ቦዩ ገና በመቆፈር ላይ ሳለ በ1862 ኦቦክን ገዛች፤ ጁሴፔ ሳፔቶ የተባለው ጣሊያናዊ ሚሲዮናዊም ለሩባቲኖ የመርከብ ኩባንያ በአሰብ መሬት ለመግዛት ከአካባቢው ሱልጣኖች ጋር የተዋዋለው ቦዩ ሊመረቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው።

የአፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ፈተና ከዚህ ተነጥሎ ሊታይ አይገባውም። በ1865 ምጽዋን ከኦቶማኖች የተረከበችው ግብፅ በጉንደት በ1875፣ በጉራ ደግሞ በ1876 ድል ብትሆንም፣ የጠረፉ ዋጋ ከፍ ብሎ ስለነበር የተሸነፈውን ባለጉዳይ ሌላ ይተካው ነበር። በ1884 በዐድዋ የተፈረመው ስምምነት ለኢትዮጵያ በምጽዋ በኩል ነፃ መተላለፊያ ቢሰጥም፣ ዓመት ሳይሞላው በየካቲት 1885 የጣሊያን ጦር በብሪታንያ ይሁንታ ምጽዋ ላይ ወረደ። መልክዓ ምድር ይህን ውል ያፈረሱትን ሰዎች ከተጠያቂነት አያድናቸውም፤ ለምን በዚያ ስፍራና በዚያ ዘመን እንደመጡ ግን ያስረዳል።

በባሕር የመጣው ጦር ብቻ አልነበረም። ደስታ በመባል የሚታወቀው የከብት ወረርሽኝ በ1887 ገደማ ለጣሊያን ጦር ቀለብ ተብለው ወደ ምጽዋ ከገቡ ከብቶች ጋር እንደመጣ የታሪክ ጸሐፊዎች በሰፊው ይቀበላሉ። የደጋው እርሻ በጥማድ በሬ ላይ የቆመ በመሆኑ የከብቱ ማለቅ ከሥጋና ከወተት መጥፋት የከፋ ነበር፤ በሬ የሌለው ገበሬ ዘር ቢኖረውም የሚያርስበት አልነበረውም፤ ዝናብ መቅረቱና አንበጣው ሲጨመርበትም ከ1888 እስከ 1892 የዘለቀው ክፉ ቀን ሕዝቡን ፈጀው። ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቆፈር፣ መኳንንቱ ያለ በሬ ማልማትን እንዳይንቁ ለማስተማር ሞክረዋል። ወረርሽኙም በዚያ ሳይገታ በ1890ዎቹ አጋማሽ እስከ ደቡብ አፍሪካ ዘለቀ።

የደጋው ንግድ በበኩሉ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዞረ። ፈረንሳዮች ኦቦክን ትተው የተሻለ ወደብ ባላት ጅቡቲ ከሰፈሩ በኋላ በ1897 የባቡር ሐዲድ መዘርጋት ተጀመረ፤ ሐዲዱን ወደ ሐረር ተራሮች ማውጣት ብዙ ወጪ ስለሚጠይቅ መሥመሩ ከሥር ባለው ሜዳ እንዲያልፍ ተደረገ፤ በ1902ም ድሬዳዋ ላይ ደረሰ። አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ለዘመናት የሲራራ ነጋዴዎች መናኸሪያ የነበረችው ሐረር የውጭ ንግዷን ለአዲሲቱ ከተማ እየለቀቀች ስትሄድ፣ በድሬዳዋ የኦሮሞ፣ የሶማሌና የአማራ ተወላጆች ከዐረብ፣ ከህንድ፣ ከግሪክና ከአርመን ነጋዴዎች ጋር በአንድ ገበያ ይገበያዩ ጀመር።