ሰባራ ድልድይ፤ ድንጋይና ብረት በዓባይ ላይ

ከሰቆጣ ከፍታ ሆኖ ዙሪያውን ለሚቃኝ ሰው፣ የዋግ ኽምራ ምድር ተራራውን ያህል ገደሉም የበዛ ነው። የጸለሪ ወንዝ ደጋውን እየሰነጠቀ ወርዶ ከተከዜ ይቀላቀላል፤ ተከዜም በጥልቅ ሸለቆ ውስጥ እየተጠማዘዘ አገርን ከአገር ይለያል። ሰቆጣ በቀድሞው ዘመን የአሞሌ ጨው ገበያ በመሆን የታወቀች ከተማ ነበረች። የነጋዴው ጉዞ ግን ከመንገዱ ርዝመት ይልቅ በወንዙ ሙላት ይወሰን ነበር። በበጋ አጋሰሱ እየተነዳ መልካውን ይሻገራል፤ ክረምት ሲገባ ገበያተኛውም ዘመድ ጠያቂውም በየማዶው ይቀራል።

የዋግ ሰው በድንጋይ ጥበብ የሚታማ አይደለም። በሰቆጣ አቅራቢያ ከአለት ተፈልፍሎ የታነጸው የውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ለዚህ ምስክር ነው። ይሁን እንጂ አለት መፈልፈል አንድ ጥበብ ሲሆን፣ በወራጅ ውኃ ላይ ድንጋይ ቀስቶ ማቆም ሌላ ጥበብ ነው። ይህ ሁለተኛው ጥበብ በ17ኛው መቶ ዓመት በዓባይ ላይ ጎልቶ ታየ። በጢስ ዓባይ አጠገብ የሚገኘው የአላታ ድልድይ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ ከዚያ ወረድ ብሎ በሞጣና በእንዳቤት መካከል ያለው ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1632 እስከ 1667 በነገሡት በልጃቸው በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን እንደተሠሩ ይነገራል።

ይህ በሞጣ በኩል ያለው ድልድይ ጎጃምንና በጌምድርን ሲያገናኝ ኖረ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ግን ከቅስቶቹ አንዱ እንዲቆረጥ ተደረገ። ጦርነቱ አለፈ፤ ወራሪውም ተባረረ፤ ክፍተቱ ግን ሳይደፈን ቀረ። ሕዝቡም ስሙን ሰባራ ድልድይ አለው። መሻገር ግድ የሆነበት ሰው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ በወዲያና በወዲህ በቆሙ ሰዎች እየተጎተተ፣ ከሥሩ የሚያገሳውን ወንዝ እያየ ያልፍ ነበር።

የዚህ አሻጋገር ፎቶግራፍ በአንድ የውጭ አገር መጽሔት ላይ ወጣ። ኬን ፍራንዝ የተባለው አሜሪካዊ የሥራ ተቋራጭ በእ.ኤ.አ. 2001 ያን ሥዕል አይቶ ተነሣ። በ2002 የተቆረጠው ቅስት ስፍራ በብረት ድልድይ ተሞላ። የጥንቱ ድንጋይ በቦታው ቆሞ፣ የጎደለውን ብቻ ብረት ተካው።

የዚህ ዓይነቱ ብረት ብርታት ከውፍረቱ ይልቅ በአገጣጠሙ ላይ ነው። አራት ዘንጎች በአራት ማዕዘን ተጋጥመው ከጎን ቢገፉ ይንጋደዳሉ፤ ሦስቱ በሦስት ማዕዘን ሲጋጠሙ ግን አንዱ ካልተሰበረ ወይም ካልጎበጠ ቅርጻቸው አይለወጥም። ከላይ የሚያርፈው ሸክም በየዘንጉ ይከፋፈላል፤ ከፊሉ ይጨመቃል፣ ከፊሉ ይሳባል፤ በመጨረሻም ክብደቱ በሁለቱ ዳርቻ ምሰሶዎች ላይ ይወድቃል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዛዊው ዶናልድ ቤይሊ የፈለሰፈው ተገጣጣሚ የብረት ድልድይም በዚሁ መንገድ የተሠራ ነው። 3 ሜትር ያህል ርዝመት ያለውን አንዱን ክፍል 6 ሰዎች ይሸከሙታል። ከባድ መሣሪያ ለማይደርስበት ገደላማ አገር ትልቅ መላ ነው።

ብረት ግን የራሱ ጠላት አለው፤ እርሱም ዝገት ነው። ዝገት የሚጀምረው አፈርና ውኃ በሚቋጥሩት መጋጠሚያዎች ላይ ነው። ስለዚህ ጥሩ ጠጋኝ አስቀድሞ መጋጠሚያውን ይመረምራል፤ ዝገቱን ፍቆ ቀለም ይቀባል፤ የተበላውን ዘንግ ከማውጣቱ በፊት ሸክሙን በጊዜያዊ ድጋፍ ላይ ያሳርፋል።

በሰባራ ድልድይ የደረሰው ግን ዝገትን ሳይጠብቅ ነው። በእ.ኤ.አ. 2005 ዓባይ ከልክ በላይ ሞልቶ ብረቱን ጠርጎ ወሰደው። ከዚያ በኋላ፣ በ2009፣ በገመድ ብረት የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። በዚህ ጊዜ ልኬቱ የተወሰደው ከክፍተቱ ስፋት ብቻ ሳይሆን ከጎርፉም ከፍታ ነው። የጥንቱ ድንጋይም ሸክም ሳይጫንበት በታሪክነቱ የሚጠበቅበት ዕድል አገኘ።

የድልድይ መሰበር ያለፈ ታሪክ ብቻ ሆኖ አልቀረም። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ፣ በእ.ኤ.አ. ሐምሌ 2021፣ ከጎንደር ወደ ሽሬ በሚወስደው መንገድ በተከዜ ላይ የነበረው ድልድይ ሲፈርስ የዕርዳታ እህል መተላለፊያ ተዘጋ። ድልድይ ለማፍረስ አንድ ቀን ይበቃል፤ ሰባራ ድልድይን መልሶ ለማገናኘት ግን ከ60 ዓመት በላይ ፈጅቷል። በዚያ ሁሉ ዘመን ዋጋውን የከፈለው ድልድዩን የሰበረው ሳይሆን፣ በገመድ እየተጎተተ የተሻገረው ገበሬ ነው።