የእንግሊዛዊው ሐኪም የጆን ሜሊ ዜና፥ በ1928 ዓ.ም. በዘመነ ዮሐንስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ። የኢትዮጵያን ቁስለኞች ሊያክም ከባሕር ማዶ የመጣውን የጆን ሜሊን ዜና እንጽፋለን። ለአገሩ የሞተ ሰው ወገኑ ተዝካሩን ያወጣለታል፤ ባዕድ ሆኖ ለእኛ የሞተው ግን በምድራችን ዘመድ የለውምና ስሙ ከመጽሐፍ እንዳይጎድል ብለን ነው።

ይህ ሰው የሊቨርፑል ነጋዴዎች ወገን ነው። በአውሮጳ አቆጣጠር በ1898 ተወለደ። በታላቁ የአውሮጳ ጦርነት የመድፈኛ መኰንን ሆኖ ተዋግቶ ስለ ጀግንነቱ የጦር መስቀል ኒሻን ተሸለመ። ከዚያ በኋላ መተኰሱን ትቶ ቁስል መጠገን ተማረ፥ የቀዶ ጥገና ሐኪምም ሆነ።

ለኢትዮጵያ ጦር ያን ጊዜ የተደራጀ የሕክምና ክፍል ገና አልነበረም። ግርማዊ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ግን የሚመጣውን አስቀድመው ስላወቁ በ1927 ዓ.ም. በሐምሌ መባቻ የቀይ መስቀል ማኅበር አቆሙ። ጠላት ኢጣልያ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የመረብን ወንዝ በተሻገረ ጊዜ ስዊድኑም፥ ኖርዌዩም፥ ፊንላንዱም፥ ሆላንዱም፥ ግብፁም ሐኪሞቹን ላከ። ሜሊም በእንግሊዝ አገር ገንዘብና ሰው ሰብስቦ፥ በበርበራ ወርዶ፥ በጅጅጋና በሐረር በኩል አምቡላንሱን ይዞ ወጣ።

ኅዳር 26 ቀን የጠላት አይሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ፤ ሐኪም ቤቱንና የቀይ መስቀሉን ድንኳኖችም አልማሩም። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያ ነበሩ። ወደ ዋሻ ግቡ ቢሏቸው የሚገቡ አልነበሩም፤ በገዛ እጃቸው መሣሪያውን ይዘው ወደ ሰማይ ተኰሱ። የንጉሥ እጅ እንዲህ ሲያደርግ ያየ ወታደር ልቡ እንዴት ይፈራል? ታኅሣሥ 20 ቀን ደግሞ በመልካ ዲዳ የስዊድኖቹ ሰፈር ተመታ፥ ብዙ ቁስለኛም በተኛበት አለቀ።

የሜሊ አምቡላንስ ወደ ሰሜን ዘምቶ በቆረም ሜዳ ሰፈረ። በዚያ ያየውን ሕመም በቀደመው ጦርነት ከርቀት መድፍ ሲተኩስ አላየውም ይሆናል። እንደ ጠል የሚረጭ የመርዝ ውሃ ከአይሮፕላን እየወረደ በሣርና በቅጠል ላይ ያርፍ ነበር። ጫማ የሌለው ወታደር ሲረግጠው ወዲያው አያመውም፤ ሰዓት ካለፈ በኋላ ግን እግሩ ያብጣል፥ ቆዳው ይላጣል፥ ዐይኑም ይከደናል። መድኃኒቱ ማጠብና በፋሻ መጠቅለል ነበር እንጂ ሌላ አልነበረም። በቃሬዛ የመጣም፥ በወንድሙ ጀርባ ታዝሎ የመጣም፥ እየዳኸ የመጣም በድንኳኑ ደጅ ይጠብቅ ነበር።

የካቲት 25 ቀን፥ ረቡዕ፥ በዐቢይ ጾም፥ አይሮፕላን ዝቅ ብሎ መጣ። ትልቅ የቀይ መስቀል ሸራ በምድር ተዘርግቶ ነበር፤ ምልክቱን አላየሁም ማለት አይቻልም። ቦምቡን በድንኳኖቹ ላይ ጣለ። በአልጋቸው ያሉት ዳግመኛ ቆሰሉ፥ የሞቱም አሉ። የክርስቶስን መስቀል በባንዲራው ያደረገ መንግሥት በመስቀል ላይ እሳት ማዝነቡን እግዚአብሔር ይፍረድ። የእንግሊዝ መንግሥት ወደ ሮማ የተቃውሞ ቃል ላከ። ሜሊና ጓደኞቹ ግን ፋሻውን ከፍርስራሽ ለቅመው ሥራቸውን ቀጠሉ። በዚያው ወራት የበቅሎ አምቡላንስ ይዞ ከራስ ሙሉጌታ ጋር የዘመተው ሻለቃ በርጎይን ሞተ፤ ነፍሱን ይማር።

መጋቢት 22 ቀን በማይጨው ታላቅ ውጊያ ሆነ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ቀኑን ሙሉ ተዋጉ፥ ከዚያም በላሊበላ ጸሎት አደረጉ። ሠራዊቱ ወደ ደቡብ ተመለሰ፤ ሜሊም ወደ አዲስ አበባ መጣ።

ሚያዝያ 24 ቀን፥ በተክለ ሃይማኖት ዕለት፥ ንጉሠ ነገሥቱ የሕዝባቸውን ግፍ ለመንግሥታት ማኅበር ሊያሰሙ በባቡር ወደ ጅቡቲ ሄዱ። በአዲስ አበባ ከተማ እሳትና ተኩስ ሆነ፤ ከዚህ በላይ አንጽፍም።

የውጭ አገር ሰዎች ወደ ሌጋሲዮኖቻቸው ቅጥር ገቡ። ሜሊ ግን በካሚዮን ከተማውን እየዞረ የወደቁትን ያነሣ ነበር፤ ማን እንደ መታቸው አይጠይቅም። እሑድ ሚያዝያ 25 ቀን አንድ ቁስለኛ ሊያነሣ ከካሚዮኑ ወረደ። መጠጥ ልቡናውን የነሣው ሰው በቅርብ ተኰሰበት፥ ጥይቱም ደረቱን መታው። የተኳሹን ወገን እግዚአብሔር ያውቀዋል።

ሁለት ቀን ተሠቃየ። ማክሰኞ ሚያዝያ 27 ቀን፥ በመድኃኔ ዓለም ዕለት፥ ዐረፈ፤ ዕድሜው 40 ዓመት አልሞላም ነበር። በዚያው ቀን የጠላት አዛዥ የማርሻል ባዶሊዮ ጦር አዲስ አበባ ገባ።