«ሚስተር ክሎክ» ተሳፍሯል

በኦክቶበር 1971 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የፊዚክስ ሊቁ ጆሴፍ ሃፈልና የሥነ ፈለክ ባለሙያው ሪቻርድ ኪቲንግ አራት የሲዚየም አቶሚክ ሰዓቶች ይዘው እንደማንኛውም መንገደኛ አውሮፕላን ተሳፈሩ። ለሰዓቶቹም ትኬት ተቆርጦላቸው ነበር፤ ስማቸው «ሚስተር ክሎክ» ይላል። አንዴ በምሥራቅ፣ አንዴ በምዕራብ ምድርን ዞረው ሲመለሱ ዋሽንግተን ከቀሩት ሰዓቶች ጋር አልገጠሙም። በምሥራቅ የዞሩት 59 ቢሊዮንኛ ሰከንድ ወደ ኋላ ቀርተዋል፤ በምዕራብ የዞሩት 273 ቀድመዋል። ምድር ራሷ ወደ ምሥራቅ ስለምትሽከረከር የአንደኛው ፍጥነት ሲደመር የሌላኛው ይቀነሳል።

ኒውተን በ1687 ባሳተመው መጽሐፉ ጊዜ ለሁሉም እኩል ይፈስሳል ብሎ ነበር። በ1905 በበርን የፓተንት ቢሮ ተቀጣሪ የነበረው አይንስታይን ግን የብርሃን ፍጥነት ለሁሉም አንድ ከሆነ ጊዜ አንድ ሊሆን አይችልም አለ፤ የሚሮጥ ሰዓት ይዘገያል። በ1915 ስበትን ጨመረበት፤ ለምድር የቀረበ ሰዓት ከራቀው ይዘገያል።

እኔን የሚማርከኝ የ1977ቱ ታሪክ ነው። ለጂፒኤስ ሙከራ ኤንቲኤስ 2 የተባለች ሳተላይት ስትመጥቅ፣ ከመሐንዲሶቹ መካከል ሰዓቱ መዛባቱን የሚጠራጠሩ ስለነበሩ የሰዓቱ ማስተካከያ ተሠርቶላት ግን ሳይበራ ተላከ። ለ20 ቀን ያህል ሰዓቱን ዝም ብለው ተመለከቱት። ልክ እንደተተነበየው ቀደመ፤ ማስተካከያውንም አበሩት። ዛሬ በ20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ የሚዞሩት የጂፒኤስ ሰዓቶች በፍጥነታቸው የተነሳ በቀን 7 ሚሊዮንኛ ሰከንድ ያጣሉ፣ በስበት መዳከም 45 ያገኛሉ። ትርፉ 38 ነው። በዚያች ቅጽበት ብርሃን ከ11 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል።

ለሰውስ? ጠፈርተኛው ስኮት ኬሊ እስከ 2016 ድረስ 340 ቀን በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ሲቆይ መንትያው ማርክ ምድር ላይ ነበር። ጣቢያው ዝቅ ብሎ ስለሚበር እዚያ ፍጥነት ስበትን ይረታል፤ ስኮት ከ8 ሺኛ ሰከንድ ትንሽ የሚበልጥ አተረፈ። ድሮም በ6 ደቂቃ ታናሽ ነው።

በብርሃን ፍጥነት 99 በመቶ የሚበር መንኮራኩር ቢኖር፣ 4.24 የብርሃን ዓመት ወደምትርቀው ፕሮክሲማ ሴንታውሪ ሲደርስ እኛ ከ4 ዓመት በላይ፣ ተጓዡ 7 ወር ግድም ይቆጥራል። ያለን ግን በሰከንድ 17 ኪሎ ሜትር የሚጓዘው ቮየጀር 1 ነው። ያን ያህል ርቀት ለመሸፈን 75,000 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። በዚህ ሁሉ ዘመን ከፍጥነቱ የሚያተርፈው 60 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው።