ሰላም ጓዶች በደሴ

ዛሬ ውጭ አገር ኢንተርንሺፕ የሚያፈላልግ ጓደኛ የሌለው ማን ነው? ጥቂት ወር ልምምድ፣ ብዙ ፎቶ፣ ትንሽ ቋንቋ፣ ከዚያ መመለስ። ሁልጊዜ ራሳችንን ሄያጅ አድርገን ስለምናስብ፣ የባዕድ አገር ወጣት ሕይወትን ሊለማመድ ወደ እኛ የመጣበትን ዘመን ረስተነዋል። ደሴ ግን የምትረሳው አይመስለኝም።

ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የሰላም ጓድን ያቋቋሙት በ1953 ዓ.ም. ነው። በ1955 ዓ.ም. መባቻ ላይ፣ ክረምቱን በጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ አማርኛ ሲያጠኑ የከረሙ ከ270 በላይ አሜሪካውያን አዲስ አበባ ገቡ። ኃላፊያቸው ሃሪስ ዎፎርድ ነበሩ። አብዛኞቹ ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጡ ልጆች ናቸው፤ ለሁለት ዓመት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እንዲያስተምሩ ነበር የመጡት። በየጠቅላይ ግዛቱ ሲበተኑ ለደሴም ደረሷት፤ ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት።

እስቲ እዚህች ስም ላይ ቆም እንበል። ወይዘሮ ስሂን የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ የእቴጌ መነን እናት ናቸው። ንጉሥ ሚካኤል ደግሞ በፊት መሐመድ አሊ የሚባሉ የወሎ እስላም መኳንንት ነበሩ። ከ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ተጠመቁ፤ የክርስትና አባታቸው አጼ ዮሐንስ ሆኑ። ያ ዘመን ለብዙ የወሎ እስላም «ወይ ተጠመቅ ወይ አገር ልቀቅ» የተባለበት ዘመን ነበር። ስለዚህ ወሎን «የፍቅር አገር» ብለን ስንቀኝላት ፍቅሩ በነጻ የተገኘ አይምሰለን። እንግዳው መምህር ክፍል ሳይገባ፣ ገና በሩ ላይ በተጻፈው ስም የአገሩ ሃይማኖት ታሪክ ይጠብቀው ነበር። ስንቱ አነበበው? እንጃ።

ሌላው ትምህርት ያለው ሥጋ ቤት ነው። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ የእስላም ሥጋና የክርስቲያን ሥጋ ለየብቻ ነው። ሰርግ ሲደገስ ክርስቲያኑ ለእስላም ጎረቤቶቹ የሚያርድላቸው ከእነሱው ወገን ይጠራል፤ ድስቱም ለብቻ ይጣዳል። ከካሊፎርኒያ ለመጣ ልጅ ይህ መለያየት ነው የሚመስለው። እኔ ግን ተቃራኒው ይታየኛል፤ የማትበላውን አውቆ ሌላ ድስት የሚጥድልህ ሰው እንድትቀር አይፈልግም ማለት ነው። ቡናው ላይ ደግሞ ድስት የለም። እስላሟ እናት ዱአ ሲያደርጉ ክርስቲያን ጎረቤታቸውም «አሚን» ትላለች።

ወሎ እንግዳ ተማሪ መቀበል የጀመረችው በአሜሪካኖቹ አይደለም። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ባለው በሐይቅ እስጢፋኖስ፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን፣ ደብረ ዳሞ ተምረው የመጡት አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተምሩ ነበር፤ ከሸዋ ተነሥተው ከተማሩባቸው አንዱ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። በየሐሪማው ደግሞ ደረሳው ከሩቅ አገር መጥቶ ቂርአቱን ይቀራል። የቆሎ ተማሪውም ደረሳውም የሚኖሩት አገሬው በሚሰጣቸው ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ይመስለኛል፦ እነሱ እጃቸውን ዘርግተው መጡ፣ ሰላም ጓዱ አበል ተቆርጦለት ሊያስተምር መጣ። ሊማር የመጣን ሰው እንዴት እንደሚይዝ ወሎ ከጥንት ያውቃል፤ ለአስተማሪው ግን ጥርጣሬም ቀላቀለበት።

ጥርጣሬው ደግሞ አድሮ ጨመረ። የተማሪው እንቅስቃሴ ሲግል «ሰላም ጓድ ማለት የሲአይኤ ሰላይ ነው» የሚል ወሬ በየትምህርት ቤቱ ነገሠ። ልብ በሉ፣ አሜሪካኖቹ በብዛት የሚያስተምሩት እንግሊዝኛ ነበር፤ ተማሪው ኢምፔሪያሊዝምን የሚያወግዝበት ቋንቋም ያው እንግሊዝኛ ሆነ። የወይዘሮ ስሂን ተማሪ የነበረው ዋለልኝ መኮንን በኅዳር 1962 ዓ.ም. ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ ያወጣው፣ እስከ ዛሬ የምንጣላበት ጽሑፍ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው።

የአዲስ አበባ ልጆችስ? ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዲግሪ ለማግኘት አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወርዶ ማገልገል ግዴታው ሆነ። ሰላም ጓዱን ውቅያኖስ አሻግሮ ያመጣው ጉዳይ የኛን ልጅ በአውቶቡስ አደረሰው። አንዳንዱ የገዛ አገሩን ያየው ያኔ ነው። (ዛሬ ዱባይን አውቆ ሀረጎን ወርዶ የማያውቅ ስንት አለ?)

በ1965 ዓ.ም. ወሎ ስትራብ መንግሥት ዝም አለ። በሚያዝያ ግን ከዩኒቨርሲቲው የተነሡ መምህራን ወደ ወሎ ወጡ። የተራበውን ሕዝብ ፎቶ አነሡ፣ ይዘውት ተመለሱ፣ ግቢው ውስጥ ለተማሪው አሳዩት።