ከመካነ ብርሃን እስከ ጎንደር፦ ተኝተው በሚታከሙ ሕፃናት ላይ የመድኃኒቶች መስተጋብር

ከጃናሞራ ወረዳ ዋና ከተማ ከመካነ ብርሃን ታሞ የሚወጣ ሕፃን ጎንደር እስኪደርስ ብዙ እጅ ያልፋል። መንገዱ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን አቋርጦ ደባርቅ ይገባል፤ ከደባርቅ ጎንደር ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀራል። ከዚያ በፊት የቀበሌው ጤና ኬላ አለ፤ ከጤና ኬላው ቀጥሎ ጤና ጣቢያው፣ አንዳንዴም በመንገድ ላይ ያለ ሆስፒታል አለ። በእያንዳንዱ ቦታ መድኃኒት ይሰጠዋል፤ መስጠትም ተገቢ ነው። ችግሩ ልጁ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሕፃናት ክፍል አልጋ ሲይዝ በደሙ ውስጥ ያለው መድኃኒት በካርዱ ላይ ከሰፈረው ሊበልጥ መቻሉ ነው። የመድኃኒቶች መስተጋብር ሲጠና አብዛኛውን ጊዜ መነሻው የዋርዱ ማዘዣ ነው። በሰሜን ጎንደር ደጋ ግን ጥናቱም ሆነ ጥንቃቄው ከዋርዱ በፊት፣ ከጤና ኬላው መጀመር አለበት ብዬ እከራከራለሁ።

የመስተጋብሩ ስሌት ቀላል ነው፤ የሚቆጠሩት የመድኃኒት ጥንዶች ናቸው። ሁለት መድኃኒት የሚወስድ ልጅ አንድ ጥንድ አለው፤ አምስት ሲሆኑ ጥንዶቹ 10፣ ስምንት ሲሆኑ 28 ይደርሳሉ። በጎንደር ሆስፒታል የሕፃናት ክፍሎች የተካሄደና በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ይህንኑ ጉዳይ በማዘዣዎች ላይ ፈትሿል። እንዲህ ያሉ ጥናቶች የሚቆጥሩት ሊከሰት የሚችለውን መስተጋብር ነው፤ ሁለት ስሞች በአንድ ካርድ ላይ ሲገናኙ የኮምፒውተር ፕሮግራሙ ምልክት ይሰጣል። ልጁ ተጎድቷል ወይስ አልተጎዳም የሚለው ጥያቄ ግን ሌላ መለኪያ ይፈልጋል። ምልክቱ በበዛ ቁጥር ሐኪሙ ሁሉንም ማለፍ ይለምዳል፤ ስለዚህ ጥቂቶቹን አደገኛ ጥንዶች ለይቶ ማወቅ ረጅሙን ዝርዝር ከመያዝ ይበልጣል።

የሕፃን ገላ ደግሞ የአዋቂ ገላ ትንሽ ቅጂ አይደለም። አዲስ የተወለደ ልጅ ኩላሊት የማጣራት አቅሙ ገና አልጠነከረም፤ ወደ አዋቂ ደረጃ የሚቃረበው በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ነው። ጉበቱም እንዲሁ ነው። ክሎራምፌኒኮል በጨቅላዎች ላይ ያደረሰው ሞት በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ለዓለም ያስተማረው ይህንን ነበር። ከጨቅላነት በኋላ ያሉ ሕፃናት በአንጻሩ ብዙ መድኃኒቶችን በኪሎ ሲሰላ ከአዋቂ ፈጥነው ያስወግዳሉ። በከፍተኛ የምግብ እጥረት የተጎዳ ልጅ ሲሆን ሌላ ነገር ይጨመራል፤ በደሙ ያለው አልቡሚን ይቀንሳል፣ ከአልቡሚን ጋር ተጣብቀው የሚጓዙት እንደ ፌኒቶይን ያሉ መድኃኒቶች ነጻ ሆነው የሚሠሩበት መጠን ይጨምራል። በዚህ ላይ ቫልፕሮይክ አሲድ ከታከለ ፌኒቶይንን ከቀረው አልቡሚን ያላቅቀዋል፤ የላቦራቶሪው ጠቅላላ ቁጥር ደህና መስሎ እየታየ ልጁ ሊመረዝ ይችላል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ጀንታማይሲን ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጨቅላ ሕፃናት እንክብካቤ፣ ወደ ሆስፒታል መላክ በማይቻልበት ጊዜ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ለጨቅላው ጀንታማይሲን በመርፌ፣ አሞክሲሲሊን በአፍ ለሰባት ቀን እንድትሰጥ ፈቅዷል። እንደ ጃናሞራ ላለ ገደላማ ወረዳ ይህ ነፍስ አድን ውሳኔ ነው። ሆኖም ጀንታማይሲን ሳይለወጥ በኩላሊት የሚወጣ፣ በቀን አንዴ የሚሰጥ መድኃኒት ነው። ጠዋት ጤና ኬላ የተወጋ ጨቅላ ማታ ሌላ ተቋም ሲደርስ፣ የተወጋበት ሰዓት በሪፈር ወረቀቱ ላይ ካልሰፈረ፣ እዚያም በአምፒሲሊንና በጀንታማይሲን «ይጀመርለታል»። ሁለት የተለያዩ መድኃኒቶች አልተጋጩም፤ አንዱ ከራሱ ጋር ተደረበ። የኮምፒውተሩ ፕሮግራም ይህን ሊያይ አይችልም። ቀጥሎ ልጁ አብጦ ፉሮሰማይድ ቢታዘዝለት፣ ወይም ኢንፌክሽኑ አልበገር ብሎ ቫንኮማይሲን ቢጨመር፣ በጆሮና በኩላሊት ላይ ያለው ጫና ይደራረባል። አዋቂ ሰው «ጆሮዬ ይጮኻል» ብሎ ይናገራል። ጨቅላው አይናገርም፤ መስማት አለመስማቱ የሚታወቀው አፍ የሚፈታበት ጊዜ ሲያልፍ ነው፤ ያኔ መርፌውን የሚያስታውስ የለም።

ጎንደር በዚህ ረገድ የራሷ ጉዳይ አላት። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የካላዛር ሕክምናና ምርምር ማዕከል ያለበት ነው፤ የመተማና የሑመራ ቆላ ለረጅም ጊዜ የበሽታው ቀጣና ሆኖ ቆይቷል። በ2005 እ.ኤ.አ. የታወቀው የሊቦ ከምከም ወረርሽኝ ደግሞ ሕመሙ ወደ ደጋው ወጥቶ ሕፃናትንም እንደሚይዝ አሳይቷል። በምሥራቅ አፍሪካ የተለመደው ሕክምና ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔትና ፓሮሞማይሲን ለ17 ቀን ነው። ፓሮሞማይሲን የጀንታማይሲን ዘመድ ነው፤ ካላዛር የያዘው ልጅ የሳንባ ምች ሲጨመርበት ጀንታማይሲን መደረብ የለበትም። ስቲቦግሉኮኔቱ በልብ የኤሌክትሪክ ምት ላይ ይሠራል፤ ለማስታወክ የሚሰጠው ኦንዳንሴትሮን፣ ለወባ የሚሰጠው ኩዊኒን እዚያው ላይ ይጨምራሉ። ሌላው የካላዛር መድኃኒት አምፎቴሪሲን ቢ ደግሞ ፖታሲየምን ያወርዳል፤ ስለዚህ ከአንዱ ሕክምና ወደ ሌላው በቶሎ ሲዞር የልብ ምት መዛባት ይፈራል። ኢሲጂ ማንሳትና ፖታሲየም መለካት እዚህ ላይ የቅንጦት ምርመራ አይደለም።

የልብ ሕሙማን ልጆችም እንዲሁ ናቸው። በቶንሲል ተጀምሮ የልብ ቫልቭ ያበላሸው የሩማቲክ ሕመም በአገራችን ብዙ ታዳጊዎችን ሆስፒታል ያስተኛል። ፉሮሰማይድ ውሃውን ሲያወጣ ፖታሲየሙንም ይዞ ይወጣል፤ ፖታሲየም ሲያንስ ዲጎክሲን የልብ ጡንቻውን አጥብቆ ይይዛል፤ ትናንት የሚበጅ የነበረው መጠን ዛሬ መርዝ ይሆናል። ይህን ለማካካስ ስፓይሮኖላክቶን ይሰጣል። ነገር ግን ኢናላፕሪልም ካለ፣ የፖታሲየም ክሎራይድ ሽሮፕም ከቆየ፣ አደጋው ወደ ተቃራኒው ይዞራል። ኤችአይቪ ያለበት ልጅ ኮትሪሞክሳዞል የሚወስድ ከሆነ እርሱም ፖታሲየምን ከፍ ያደርጋል። እነዚህን መድኃኒቶች አንድ ላይ ማዘዝ ስሕተት አይደለም፤ ሳይለኩ ማዘዝ ነው ስሕተቱ።

ሴፍትሪያክሶን ምናልባት በሆስፒታሎቻችን በብዛት ከሚታዘዙት የመርፌ መድኃኒቶች አንዱ ስለሆነ ማንም አይፈራውም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2007 እ.ኤ.አ. ያወጣው ማስጠንቀቂያ ግን ጨቅላዎችን የሚመለከት ነበር፤ ሴፍትሪያክሶን በደም ሥር ከሚሰጥ ካልሲየም ጋር ሲገናኝ በሳንባና በኩላሊት ውስጥ ጠጣር ነገር ሠርቶ ተገኝቷል። ዕድሜው እስከ 28 ቀን ለሆነ ጨቅላ፣ ካልሲየም በደም ሥር የሚሰጠው ከሆነ፣ ሁለቱ አይገናኙም። የሚንቀጠቀጥ ጨቅላ ካልሲየም ግሉኮኔት ሊሰጠው ይችላል፤ የሪንገር ላክቴት ፈሳሽም ካልሲየም አለበት። ዓይኑ ቢጫ የሆነ ጨቅላ ሲሆን ሌላም ምክንያት አለ፦ መድኃኒቱ ቢሊሩቢንን ከአልቡሚን ያላቅቃል።

ሪፋምፒሲንና ፊኖባርቢታል የሚሠሩት በሌላ መንገድ ነው፤ የጉበትን ኢንዛይም አነቃቅተው ሌላውን መድኃኒት ያሳንሱታል። ኤችአይቪ ኖሮበት ሪፋምፒሲን ያለበት የቲቢ ሕክምና የጀመረ ልጅ የኤችአይቪ መድኃኒቱን ዶሉቴግራቪርን በቀን ሁለት ጊዜ የሚወስደው ለዚህ ነው፤ ሪፋምፒሲኑ ካለቀ በኋላም የኢንዛይሙ መነቃቃት ለሁለት ሳምንት ያህል ይቆያል። ዶሉቴግራቪሩን ሪፋምፒሲኑ በቆመበት ዕለት ወደ አንድ ጊዜ መመለስ እንግዲህ መቸኮል ነው።

ከቤት የሚመጣውም መዘንጋት የለበትም። ኮሶ በሰሜን ደጋ የሚበቅል፣ ለትል የሚጠጣ፣ ሆድን ክፉኛ የሚያጥብ ነው፤ ዲጎክሲንና ፉሮሰማይድ የሚወስድ ታዳጊ ጠጥቶት ቢመጣ በተቅማጡ ፖታሲየም ያጣል። እናቶች ይህን የማይናገሩት መቆጣት ስለሚፈሩ ነው። «ይሄን ማን ስጪው አለሽ?» የሚል ጥያቄ መልስ አያመጣም። «እናቴ፣ እዚህ ከመምጣታችሁ በፊት ከቤትም ከጤና ኬላም የቀመሰውን ሁሉ ንገሪኝ፤ የምሰጠው መድኃኒት እንዲስማማው ነው» ሲባል ግን ከነጠላዋ ጫፍ የተቋጠረውን ኪኒን ፈትታ ታሳያለች።

በኢትዮጵያ የፋርማሲ ትምህርት ወደ ሕሙማን ያተኮረ የአምስት ዓመት ሥርዓት ከተለወጠ ወዲህ፣ የጎንደርን ጨምሮ ዩኒቨርሲቲዎች ዋርድ ገብቶ ከሐኪም ጋር ራውንድ የሚዞር ፋርማሲስት ያፈራሉ። ይህ ባለሙያ ከመድኃኒት መደርደሪያ ጀርባ ሲቀር ዕውቀቱ ይባክናል። የመጀመሪያ ሥራው ልጁ በተኛበት ቀን ከአስታማሚው ጋር ተቀምጦ የመድኃኒቱን ታሪክ መጻፍ መሆን አለበት። የሪፈር ወረቀቱም «ሕክምና ተደርጎለታል» ከሚል ይልቅ የመድኃኒቱን ስም፣ መጠን፣ የመጨረሻው የተሰጠበትን ሰዓትና የልጁን ክብደት የሚያስይዝ አራት ባዶ ቦታ ይኑረው፤ ወጪው የቀለም ብቻ ነው። ጉዳት ሲጠረጠር ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሪፖርት ይደረጋል፤ የ8482 ነጻ መስመርም አለ። ቀጣዩ የጎንደር ጥናት ጥንዶችን በመቁጠር አይወሰን። ከደባርቅና ከጃናሞራ ሪፈር የመጡ ሕፃናትን ከጤና ኬላ ጀምሮ ይከተል፤ ክሪያቲኒናቸውንና ፖታሲየማቸውን ይለካ፤ ጀንታማይሲን የወሰዱትን ጨቅላዎች ደግሞ አፍ በሚፈቱበት ዕድሜ የመስማት ምርመራ ያድርግላቸው።