ብሩስኬታ፦ ያደረ ዳቦ ታሪክ

ብሩስኬታ የሚባለው የኢጣሊያ ምግብ ዛሬ በየሆቴሉ ሲቀርብ ዓይን የሚስበው ከላዩ የተቆለለው የተከተፈ ቲማቲም ነው። ተመጋቢው ስለ ቲማቲሙና ስለ በሶብላው ይናገራል እንጂ ከሥር ስላለው ዳቦ የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ብሩስኬታ ማለት ዳቦው ራሱ ነው። ስሙ የመጣው በሮማና በአካባቢዋ ባለው የገጠር አነጋገር «ብሩስካሬ» ከሚለው ግሥ ሲሆን፣ ትርጉሙም በፍም ላይ መጥበስ ማለት ነው። በቶስካና ይኸው ምግብ «ፌቱንታ» ይባላል፤ ዘይት የተቀባ ቁራሽ እንደ ማለት ነው። በሁለቱም ስሞች ውስጥ ቲማቲም አልተነሣም።

እንግዲህ ለዚህ ምግብ ምን ዓይነት ዳቦ ይመረጣል? እንዴትስ ይጠበሳል? ጥያቄው የወጥ ቤት ጥያቄ ይምሰል እንጂ መልሱ የሚገኘው ከታሪክ ነው። የገበሬው ሚስት ለልጅዋ ያስተማረቻት እያንዳንዱ ደንብ ከችግር፣ ከግብርና ከጨው ዋጋ ጋር የተያያዘ ነውና። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመካከለኛው ኢጣሊያ ለብሩስኬታ ዳቦ የሚመርጥ ሰው በመጀመሪያ የሚያየው የዳቦውን ዕድሜ ነው። በዕለቱ የተጋገረ ትኩስ ዳቦ አይሆንም፤ ውስጡ እርጥብ ስለሆነ ዘይት ሲነካው ይፈርሳል። አንድ ወይም ሁለት ቀን ያደረ መሆን አለበት። ቀጥሎ ቅርፊቱ ይታያል፤ ወፍራምና ጠንካራ ሊሆን ይገባል። ውስጡም ጠበቅ ያለ ይሁን፤ ቀዳዳው ከበዛ ዘይቱ ሾልኮ እጅ ላይ ይወርዳል። ውፍረቱ የአንድ ጣት ያህል፣ ማለትም ከአንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሳንቲ ሜትር ተደርጎ ይቆረጣል። ከዚህ የሳሳ እንደሆነ እስከ ውስጡ ደርቆ እንደ ብስኩት ይሰበራል። የሚፈለገው ላዩ ጠንክሮ ልቡ ለስላሳ እንዲሆን ነው።

የሚጠበሰው በነበልባል ሳይሆን ነበልባሉ ካለፈ በኋላ በቀረው ፍም ነው። ነበልባል ሙቀቱ ወደ ውስጥ ሳይዘልቅ ላዩን ያጠቁረዋል። ከመጠበሱ በፊት ዘይት አይቀባም። ሁለቱም ገጾች ቡናማ ሲሆኑ፣ ገና ትኩስ እንዳለ የተላጠ ነጭ ሽንኩርት ይታሽበታል፤ የጠነከረው የዳቦ ገጽ እንደ መፈቅፈቂያ ሆኖ ሽንኩርቱን ይበላዋል። ከዚያ የወይራ ዘይት ይፈስስበታል፤ በመጨረሻም ጨው ይነሰነስበታል። የጨውን መጨረሻ መምጣት አንባቢ ያስታውስልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ያደረ ዳቦ በእሳት ለምን እንደሚለሰልስ የሳይንስ መምህራን ባልደረቦቻችን በክፍል ሊያሳዩት ይችላሉ። ፈረንሳዊው ኬሚስት ቡሴንጎ በ1852 እንዳሳየው፣ ዳቦ የሚደድረው ውሃው ስለተነነ ብቻ አይደለም፤ ውሃው ሳይወጣ ተዘግቶ ቢቀመጥም ይደድራል። ምክንያቱ በውስጡ ያለው ስታርች ከቀዘቀዘ በኋላ ቀስ በቀስ እንደገና መጠጠሩ ነው። ሙቀት ሲያገኝ ይህ ጥጥርነት ይላላል። ገበሬው ይህን ኬሚስትሪ ሳያውቅ ለብዙ ዘመን ሠርቶበታል።

ያደረ ዳቦ የተመረጠው ግን ጣዕሙ ብቻ ታይቶ አይደለም፤ በቤት የሚገኘው እርሱ ስለነበረ ነው። በቶስካናና በኡምብሪያ አብዛኛው ገበሬ «ሜዛድሪያ» በሚባለው ሥርዓት የባለርስት መሬት የሚያርስ የእኩል አራሽ ነበር። ካመረተው እህልና ዘይት ግማሹ ለባለርስቱ ይገባል። (ይህ ዓይነቱ አዲስ ውል በሕግ የተከለከለው በ1964 ነው፤ የእርቦና የእኩል አራሽን ታሪክ በአገራቸው የተማሩ ልጆች ነገሩ ወዲያው ይገባቸዋል።) ማገዶ ውድ በመሆኑ ዳቦ የሚጋገረው በሳምንት አንድ ጊዜ ገደማ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ትኩስ የሆነው ዳቦ በቀሩት ቀናት ያደረ ነው፤ መጣልም ነውር ነው። በሾርባ ይነከራል፤ በውሃ ርሶ ከሽንኩርትና ከኮምጣጤ ጋር ይለወሳል፤ ወይም ይጠበሳል። በኅዳርና በታኅሣሥ የወይራ ፍሬ ሲጨመቅ ደግሞ ሠራተኞቹ በመጭመቂያው ቤት እሳት ላይ ዳቦ እየጠበሱ ገና ከመጭመቂያው የወጣውን አዲስ ዘይት ይቀምሱበታል። ከግማሹ ድርሻ ውጭ የሆነች ደስታ ብትኖር ይህች ነበረች ብዬ አስባለሁ።

አሁን ወደ ጨው እንመለስ። የቶስካናና የኡምብሪያ ዳቦ ጨው የለውም። ቶስካናውያን «ሾኮ» ይሉታል፤ ቃሉ ጨው የሌለው ማለት ሲሆን ሞኝ ማለትም ነው። እኛ ወጡንም ሰውንም «አልጫ» እንደምንለው መሆኑ ነው።

ለምን ጨው ቀረ? የፔሩጃ ከተማ ሰው መልስ ዝግጁ ነው። በ1540 ጳጳስ ጳውሎስ ሣልሳዊ፣ በዚያን ጊዜ የመካከለኛው ኢጣሊያ ሥጋዊ ገዥም ስለነበሩ፣ የጨው ዋጋ እንዲጨምር አዘዙ። ፔሩጃውያን ከቀድሞ ጳጳሳት ጋር ያለንን ስምምነት ያፈርሳል ብለው አመፁ። የጳጳሱ ልጅ ፒየር ልዊጂ ፋርኔዜ ጦር መርቶ መጣ፤ ከተማይቱም በዚያው ዓመት እጅዋን ሰጠች። ጳጳሱ በከተማይቱ የታወቁትን የባልዮኒ ቤተሰብ ቤቶች አፍርሰው በላዩ ሮካ ፓኦሊና የተባለውን ትልቅ ምሽግ አሠሩ። ሕዝቡ ግን፣ ይላል ተረኩ፣ የጳጳሱን ጨው አንገዛም ብሎ ዳቦውን ያለ ጨው ጋገረ፤ እስከ ዛሬም እንደዚያው ነው።

ታሪኩ ያምራል። ተማሪዎቻችን ግን የሚያምር ታሪክ ሁሉ እውነት እንዳልሆነ እዚህ ላይ ሊለማመዱ ይችላሉ። ጦርነቱ እውነት ነው፤ ምሽጉም እውነት ነው፤ ጥያቄው ዳቦው ላይ ነው። ፍሎሬንስ በ1540 በጳጳሱ ሳይሆን በኮዚሞ ደ ሜዲቺ ትተዳደር ነበር፤ የእርስዋም ዳቦ ጨው የለውም። የፔሩጃ አመፅ የፍሎሬንስን ዳቦ እንዴት ለወጠ? ሌላም ምስክር ይቀርባል። በ1321 የሞተው የፍሎሬንሱ ባለ ቅኔ ዳንቴ በ«ገነት» መጽሐፉ ውስጥ ስደተኛ የሚበላው የሰው ዳቦ ጨው ጨው እንደሚለው ያነሣል። አንዳንዶች ይህን ይዘው በዳንቴ ዘመንም የፍሎሬንስ ዳቦ ጨው እንዳልነበረው ማስረጃ ነው ይላሉ። ይሁንና ባለ ቅኔው የስደትን ምሬት ብቻ ተናግሮ ሊሆን ስለሚችል ምስክርነቱ በሁለት በኩል የሚቆርጥ ነው።

በእኔ ግምት መነሻው አንድ ጦርነት አይደለም። ከባሕር በራቀ አገር ጨው ውድ ነበር፤ መንግሥታትም ግብር ይጥሉበት ነበር። ያለችው ጥቂት ጨው የምትፈለገው የአሳማውን ሥጋና አይቡን ከመበላሸት ለመጠበቅ ነው። አሞሌ ጨው ገንዘብ በነበረበት አገር ላደግን ይህ እንግዳ ነገር አይሆንም። በጨው ከታሸ ሥጋና አይብ ጋር የሚበላ ዳቦ ደግሞ ራሱ ጨው ባይኖረው አይጎዳም፤ ልማዱ ሲቆይ ምርጫ ሆነ። ብሩስኬታ ላይ ጨው ከላይ የሚነሰነሰውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ውስጡ ስለሌለ። ፔሩጃውያን ተረኩን የያዙት ነፃነታቸውን ያጡበትን ዓመት በየማዕዳቸው ስለሚያስታውሳቸው ይመስለኛል። የጳጳሱ አገዛዝ በ1860 ሲያበቃ ሕዝቡ የቀረውን ምሽግ በደስታ አፈረሰው፤ ከሥሩ የተቀበሩት የባልዮኒ ቤቶች ግን ዛሬም ይጎበኛሉ።

በደቡብ፣ በፑልያ ክፍለ ሀገር ባለችው አልታሙራ፣ ታሪኩ ሌላ ነው። እዚያ ዳቦው ጨው አለው፤ የሚጋገረውም ለፓስታና ለመኮሮኒ ከሚሆነው ጠንካራ ስንዴ ስለሆነ ብዙ ቀን ይቆያል። ሴቶች ሊጡን በቤታቸው አቡክተው ወደ ጋራ ምድጃ ይልኩ ነበር፤ የአንዱ ዳቦ ከሌላው እንዳይቀያየርም በቤተሰቡ ስም የመጀመሪያ ፊደላት ይታተምበታል። የከተማይቱ የ1527 ደንብ እንኳ ስለ ዳቦ መጋገር ይናገራል። ለብሩስኬታ ከዚህ የተሻለ ዳቦ ማግኘት ያስቸግራል።

ቲማቲሙስ? ከአሜሪካ የመጣ እንግዳ ነው። በ1548 አንድ ቅርጫት ቲማቲም ለኮዚሞ ደ ሜዲቺ ቤት እንደደረሰ ተጽፏል፤ በኢጣሊያ የቲማቲም ስጎ አሠራር በመጽሐፍ የታተመው ግን በ1690ዎቹ በናፖሊ ነው። ስለዚህ ጥንታዊ ሮማውያን ቲማቲም በዳቦ ሲበሉ በሥዕል የሚያሳይ ቢገኝ ተማሪው ስሕተቱን ማውጣት አለበት።

ኢጣሊያ በ1861 አንድ መንግሥት ከሆነች በኋላም ዳቦ ሰላም አላገኘም። ዕዳ የከበደው መንግሥት ከጥር 1869 ጀምሮ በእህል ማስፈጫ ላይ ግብር ጣለ፤ የወፍጮው ድንጋይ ስንት ጊዜ እንደ ዞረ የሚቆጥር መሣሪያ ተገጠመ። ገበሬው ተነሣ፤ በተኩሱ ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ። ግብሩ በ1884 ተሻረ። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1885፣ ይኸው መንግሥት ምፅዋን ያዘ፤ በ1896 ዐድዋ ላይ ድል ሆነ። ከዐድዋ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በግንቦት 1898፣ የዳቦ ዋጋ ሲንር የሚላኖ ሕዝብ ወደ አደባባይ ወጣ፤ ጄኔራል ባቫ ቤካሪስ በመድፍ ተኮሰበት። መንግሥት ራሱ ያመነው የሟች ቍጥር 80 ነው። ንጉሥ ኡምቤርቶ ለጄኔራሉ ሽልማት ሰጡ፤ በ1900 ሞንዛ ላይ የገደላቸው ሰውም የሚላኖን ሙታን ደም እንደ ተበቀለ ተናገረ። ዐድዋ ላይ የወደቀውን ተራ የኢጣሊያ ወታደር ስናስብ፣ ከየትኛው ማዕድ ተነሥቶ እንደ መጣም ማሰብ ተገቢ ይመስለኛል።

ሙሶሊኒም በ1925 «የስንዴ ጦርነት» አወጀ፤ ከውጭ የሚገባው ስንዴ ቀነሰ፣ ዳቦ ግን ለድሀው አልረከሰም። ኢትዮጵያን የስንዴ ጎተራ ለማድረግ የታለመው ዕቅድም ከሸፈ። አዲስ አበባ ነፃ ከወጣች ከአምስት ወር በኋላ፣ በጥቅምት 1941፣ ኢጣሊያ ውስጥ ዳቦ በመታወቂያ ወረቀት ለአንድ ሰው በቀን 200 ግራም ሆነ። በመጋቢት 1942 ወደ 150 ወረደ። በዚያ ጊዜ ያደረ ዳቦ የሚጥል ሰው አልነበረም።

ከዚያ ዘመን በእኛ አፍ ላይ አንድ ቃል ቀርቷል፤ «ፉርኖ»። በኢጣሊያንኛ ምድጃ ማለት ነው፤ እኛ የዳቦውና የዱቄቱ ስም አደረግነው። ይሁን እንጂ በየሱቁ የሚሸጠው ፉርኖ ዳቦ ለብሩስኬታ በጣም ይለሰልሳል፤ ቅርፊቱም ስስ ነው። እኔ በቤቴ ሞክሬ የተሳካልኝ በድፎ ዳቦ ነው። ሁለት ቀን ሲያድር በጣት ውፍረት ቆርጬ በከሰል ፍም ላይ ጠበስኩት፤ ነጭ ሽንኩርቱን በደንብ ተቀበለ። የእኛ ወይራ የእነርሱ ወይራ የቅርብ ዘመድ ቢሆንም ለጢስ እንጂ ለዘይት ስለማይሆን ዘይቱን ከሱቅ መግዛት ግድ ነው፤ ጥቂት ይበቃል። ድፎው ግን ሲቦካ ጨው ገብቶበታልና፣ በመጨረሻ ከላይ የሚነሰነሰው ጨው ይቅር።