መብራት በግማሽ ቤት ሲጠፋ

ሳሎኑ በርቷል፣ ማዕድ ቤቱ ጨልሟል። ቴሌቪዥኑ ይሠራል፣ ፍሪጁ ግን ድምፁን አጥፍቷል። መብራት ሙሉ በሙሉ ሲጠፋ ሻማ ለኩሰን እንጠብቃለን። በግማሽ ሲጠፋ ግን ብዙዎቻችን የማራዘሚያ ገመድ ከበራው ክፍል ወደ ጨለመው እንዘረጋለን። ይህ ግን ምክንያቱ ሳይታወቅ መደረግ የሌለበት ነገር ነው። በግማሽ የጠፋ መብራት ቀላል ብልሽት ቢመስልም፣ አንዳንዴ ሙሉ በሙሉ ከጠፋው የከፋ አደጋ ያዘለ ነው።

በቅድሚያ አምፖሎቹን ይመልከቱ

አንዱ አምፖል ከወትሮው በላይ ቦግ ሲል ሌላው ከደበዘዘ ዋናውን ብሬከር ወዲያውኑ ያጥፉ። ይህ ብዙውን ጊዜ ኒውትራል የሚባለው ሽቦ መላላቱን ወይም መበጠሱን ያመለክታል። በአገራችን አንድ ፌዝ ከኒውትራል ጋር 220 ቮልት ሲሰጥ፣ በሁለት ፌዞች መካከል ያለው ግን 380 ቮልት ነው። ኒውትራሉ ሲቋረጥ በ220 እንዲሠሩ የተሠሩ ዕቃዎች ወደ 380 የሚጠጋ ኃይል ሊደርሳቸው ይችላል። ፍሪጅና ቴሌቪዥን በአንድ ምሽት የሚቃጠሉት አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው። ብልሽቱ ምሰሶው ላይ ከሆነ ባለ አንድ ፌዝ ቤትም ከጉዳቱ አያመልጥም።

ብሬከር ሲወርድ

አምፖሎቹ ደህና ከሆኑ ወደ ብሬከር ሳጥኑ ይሂዱ። በአብዛኛው ቤት የመብራትና የሶኬት መስመር የተለያየ በመሆኑ አንዱ ሲቋረጥ ሌላው ይቀጥላል። ከሌሎቹ ተለይቶ የወረደ ወይም መሀል ላይ የቆመ ብሬከር ካገኙ፣ በቅድሚያ በዚያ መስመር ላይ የተሰኩትን ዕቃዎች በሙሉ ይንቀሉ። ከዚያ ብሬከሩን እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርገው መልሰው ያንሱት። ከያዘ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ይሰኩ፤ ብሬከሩን መልሶ የጣለው ዕቃ ጥፋተኛው ነው። ምንም ሳይሰካ ከወደቀ ግን ችግሩ ከሽቦው ወይም ከሶኬቱ ስለሆነ ደጋግመው አያንሱት፤ ኤሌክትሪሺያን ይጥሩ።

ምክንያቱ ጭነት ብቻ ሊሆንም ይችላል። ባለ 16 አምፔር ብሬከር በ220 ቮልት የሚሸከመው 3,520 ዋት ያህል ነው። የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ወደዚህ ልክ ሊጠጋ ስለሚችል፣ በዚያው መስመር ላይ ስቶቭ ሲጨመር ብሬከሩ ቢወርድ ሥራውን ሠራ እንጂ አልተበላሸም። በትልቅ መቀየር መፍትሔ አይደለም፤ ብሬከሩ ዝም ሲል ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ይግላልና። በአሮጌ ቤቶች የተቃጠለ ፊውዝን በመዳብ ሽቦ ማሰርም እንዲሁ እሳት መጋበዝ ነው።

ብሬከሩ ሳይወርድ ሲጠፋ

ባለ ሦስት ፌዝ ቤት ከሆነ ከሦስቱ አንዱ ከውጭ ተቋርጦ ሊሆን ይችላል። ጎረቤትዎን ይጠይቁ። በአንድ መንገድ ላይ ያሉ ቤቶች ከተለያየ ፌዝ ስለሚቀጠሉ የአንዱ ቤት በርቶ የሌላው መጥፋቱ የተለመደ ነው።

ጎረቤት ሁሉ ደህና ከሆነና የጠፋው አንድ ሶኬት ወይም አንድ ክፍል ብቻ ከሆነ፣ የላላ ማያያዣ ይጠርጠሩ። የሞቀ ወይም የጠቆረ ሶኬት፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታና የሚንጣጣ ድምፅ ምልክቶቹ ናቸው። መስመሩን ከብሬከሩ አጥፍተው ባለሙያ እስኪመጣ እንደጠፋ ይተዉት።

የማይሠራ ሶኬት ኃይል የለውም ማለት እንዳልሆነም አይዘንጉ። ኒውትራሉ ብቻ ከተቋረጠ ዕቃው አይሠራም፣ ፌዙ ግን እዚያው አለ። ቴስተር የሚባለው ካቻቢቴ ሲበራ ኃይል መኖሩን ያሳያል፤ አለመብራቱ ግን ለመንካት ዋስትና አይሆንም።

ለማን ይደወላል?

ከቆጣሪው ወዲህ ያለው የቤቱ መስመር የባለቤቱ ኃላፊነት ሲሆን፣ የሚሠራውም የግል ኤሌክትሪሺያን ነው። ከቆጣሪው ወዲያ ያለው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ሲሆን፣ ብልሽት በ905 ይመዘገባል። ሲደውሉ "መብራት ጠፋ" ብቻ አይበሉ። በግማሽ መጥፋቱን፣ አምፖሎች መቦግ መደብዘዛቸውንና የጎረቤቶችን ሁኔታ ይንገሩ። የቆጣሪውን ማኅተም መፍታትም ሆነ ምሰሶ ላይ መውጣት ግን የእርስዎም፣ የሰፈሩ "ባለሙያ"ም ሥራ አይደለም።